አዳማ ላይ ግቢ ለማንጠፍ፦ ሊሾ፣ ኮብልስቶን ወይስ ውሃ የሚያሳልፍ ኮንክሪት?

ጥያቄ፦ ቤታችን ቦኩ ተራራ ስር ነው። ሐምሌ ሲገባ ግቢው ኩሬ ይሆናል። ውሃ ወደ ታች የሚያሰርግ ኮንክሪት አለ ሲባል ሰማሁ። ያሠራችሁ ካላችሁ እስቲ ጠቁሙኝ፣ መኪናስ ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ አሠርቻለሁ፣ ያውም ሁለቴ። የመጀመሪያው ተበላሽቶብኝ ነው።

ነገሩ አሸዋ የሌለው ኮንክሪት ነው፤ ሲሚንቶ፣ ውሃና መጠኑ እኩል የሆነ ጠጠር። ሲደርቅ በስኳር የተጣበቀ ቆሎ ይመስላል። ከ15 እስከ 25 በመቶው ባዶ ቀዳዳ ስለሆነ፣ በደንብ የተሠራ አንድ ካሬ በደቂቃ ከ120 እስከ 320 ሊትር ያሳልፋል። የትኛውም ዶፍ ያን ያህል አይወርድም።

የመጀመሪያው ግንበኛዬ ግን «ያለ አሸዋ ምን ኮንክሪት አለ» ብሎ፣ እኔ ምሳ ስበላ ጥቂት አካፋ ጨመረበት፤ ቀጥሎ በቫይብሬተር ነዘረው። ሲሚንቶው ታች ወርዶ ደፈነው። አንድ ባልዲ ውሃ ብደፋበት እዚያው ቁጭ አለ።

ሁለተኛውን አጠገቡ ቆሜ አስቦካሁ። ዜሮ አንድ የሚባለው ደቃቅ ጠጠር፣ ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ14 እስከ 17 ሊትር ውሃ። መለኪያው መዳፍሽ ነው፦ ጨብጠሽ ስትለቂው ከተበተነ ደርቋል፣ ሲሚንቶው በጣቶችሽ መሃል ከተንጠባጠበ ቀጥኗል። እንደተነጠፈ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ላስቲክ አልብሺውና 7 ቀን አትንኪው። የኛ ከተማ ንፋስ ካገኘው ጠጠሩ በኋላ በመጥረጊያ ይለቀማል። ፑሚስ (ቀላሉ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ) ርካሽ ነው ቢሉሽ እሺ አትበይ፣ እሱ ለብሎኬት ነው። የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ይሁን።

ጥንካሬው ብዙ ጊዜ 17 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው፤ ሲ-25 የምንለው የተለመደው ኮንክሪት 25 ነው። ቀዳዳው በበዛ ቁጥር ይደክማል። ባጃጅና የቤት መኪና ይችላል። ሲኖትራክ የሚገባበት ከሆነ ግን የበሩን መግቢያ በሲ-25 አስደርጊ። ፌሮ አታስገቢበት፤ ውሃና አየር ስለሚያገኘው ይዝጋል።

ሊሾ ርካሽ ነው፣ ሁሉም ይችለዋል፣ ውሃውን ግን ወደ ጎረቤት ነው የሚልከው። ኮብልስቶን ለከባድ መኪና ይሻላል፣ ቢነቀልም መልሰሽ ትተክያለሽ። በመገጣጠሚያው የሚሰርገው ግን ለዶፍ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ከተራራው የሚወርደው ደለልስ?

መልስ፦ ዋናው ጠላት እሱ ነው፤ ይህ ንጣፍ ከመሰበሩ በፊት ይደፈናል። ከላይ በኩል ዲች አስቆፍሪና ጎርፉን በጎን አሳልፊው። ንጣፉ የራሱን ዝናብ ይቀበል፣ የተራራውን አይደለም። ስሩ ከ15 እስከ 30 ሳንቲም ዜሮ ሁለት የሚባለው ተለቅ ያለ ጠጠር ይሁን። ገረጋንቲ አታድርጊ፣ ሲጠቀጠቅ ውሃ ይዘጋል። ከቤቱ መሠረትም ራቅ ይበል።

እኔ ሰኔ ሳይገባ አንድ ባልዲ ውሃ እደፋበታለሁ። ቆም ካለ የላቫጆውን ልጅ የግፊት ውሃ ማሽኑን ይዞ መጥቶ ቀዳዳውን እንዲያጥብልኝ እጠራዋለሁ።