የረግረጉ ረቂቅ፦ እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊ፦ ለወረዳው የምናስገባው ይኸው። ጣና ዳር ባለው በኢንፍራንዝ ረግረግ የማኅበሩ ድርሻ ለሦስት ዓመት ከልቅ ግጦሽና ታንኳ ከሚታሰርበት ደንገል ቆረጣ ይከለል። ዳሩን የከበበው ባህር ዛፍ ይነሳ። የእግር መንገድና የወፍ ማያ ማማ ይሠራ። በሩ በጠጠር መንገዱ በኩል።

ታችኛው ሰፈር፦ በሩ ለምን በላይኛው ሰፈር በኩል? በእኛ ካልሆነ አንፈርምም።

ጸሐፊ፦ መኪና የሚገባው በዚያ ስለሆነ ነው።

ታችኛው ሰፈር፦ የሚገባው ጠጠር ስለተደፋበት ነው። ጠጠሩ የተገዛው በሁላችን መዋጮ ነው!

ታንኳ ሠሪ፦ በሩን ተዉትና ስለ ደንገሉ ንገሩኝ። ሦስት ዓመት ሳልቆርጥ ልጆቼን ምን ላብላ? ታንኳ ውኃ ይጠጣል፣ አይቆይም፤ ሁልጊዜ አዲስ ማሰር ነው። ሥሩ ሳይነካ በማጭድ ከታጨደ ደንገል መልሶ ያቆጠቁጣል። በተራ እንጨድ ብዬ ድሮም ተናግሬያለሁ።

ላይኛው ሰፈር፦ የጠጠሩ መዝገብ ይውጣ። ሌባ መባል አንፈልግም።

ታችኛው ሰፈር፦ ሌባ ያላችሁ የለም። ቡና የሚሸጠው በር ላይ ነው፤ ጥበቃም የሚቀጠረው ከበሩ ሰፈር ነው። ይህን የማያውቅ የለም።

መምህር፦ ጎበዝ፣ እንግዳ በር ሊያይ አይመጣም። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ማረፊያ ካጡ ምን ልናሳይ ነው? ዓሦቹ ቀረሶና አምባዛ የሚራቡት በዚሁ ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። ባሕር ዳር የምትጠጣው ከኢንፍራንዝ ምንጮች ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሲባል የጨፈርን ሰዎች፣ ውኃውን ስለሚመጠው ባህር ዛፍ አንድ ቃል አልተነፈስንም።

ላይኛው ሰፈር፦ ባህር ዛፉ የሰው ንብረት ነው። ካሳ ሳይተመን አይነካም።

ገንዘብ ያዥ፦ ካሳ በበጀቱ ውስጥ የለም።

ጸሐፊ፦ ድንበሩን እንለካለን ያላችሁት የት ገባችሁ? ቅዳሜ ገመድ ይዤ ብቻዬን ቆሜ ዋልኩ።

ታንኳ ሠሪ፦ ገበያ ነበርኩ።

ታችኛው ሰፈር፦ ትናንት በንዴት ጽፈናል፣ ይቅር በሉን። ሁለት በር ይሁንና ይለቅ።

ላይኛው ሰፈር፦ ይሁን፤ ተስማምተናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት በር ሁለት ጥበቃ ነው። ማማውን አንችልም።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው፦ በር ሁለት፣ በየበሩ የቡና ዳስ። የእግር መንገዱ ከበር እስከ በር። ደንገል በተራ ይታጨዳል። ማማው ለከርሞ። ባህር ዛፉ ካሳው እስኪተመን ባለበት ይቆያል።

መምህር፦ እስኪተመን ማለት መቼ ነው? ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄጄ ገማች እጠይቃለሁ። ቀኑ በረቂቁ ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም።