ሶፍትቦል ላይ ዳኛ ሲሳሳት ማን ነው የሚከራከረው?

የልጆች እናት (ቨርጂኒያ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የ12 ዓመት ልጄ ሶፍትቦል (ቤዝቦል የሚመስል ጨዋታ) ትጫወታለች። ቅዳሜ ሁለት ነገር አንገበገበኝ። መጀመሪያ፣ ፈርስት ቤዝ (መቺዋ መጀመሪያ የምትሮጥበት ማረፊያ) ላይ ያለችው ተከላካይ እግሯን ከቤዙ አንስታ እያለ ዳኛው ልጄን «አውት» (ወጥተሻል) አላት። በኋላ ደግሞ ከቡድናችን ሁለት ሰው ወጥቶ (በሁለት አውት)፣ በልጄ ላይ የተቆጠረውን ሦስተኛ ስትራይክ (በመቺ ላይ የሚቆጠር ውርወራ) ካቸሯ (ከመቺዋ ጀርባ ኳስ የምትይዘው) ጣለችው፤ ልጄ ሮጠች። «ፈርስት ቤዝ ላይ ሰው ስላለ አውት ነሽ» ተባለች። አሰልጣኙ ዝም። እኔ ከአጥር ጀርባ ብጮህ ማን ሰምቶኝ!

ዳኛው (ሜሪላንድ)፦ እህቴ፣ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። እግሯ ተነሳ አልተነሳ የሚለው ዳኛው በዓይኑ የሚፈርደው ነው፤ ይግባኝ የለውም። ሆኖም አሰልጣኙ ታይም (ጨዋታው ለአፍታ እንዲቆም) ጠይቆ፣ ረጋ ብሎ፣ «እግሯ የተነሳ መስሎኛል፤ ባልደረባህን ትጠይቅልኛለህ?» ማለት ይችላል። ዳኛው አይገደድም። ሌላኛውም ሳይጠየቅ ትንፍሽ አይልም። ከተጠየቀ ከሰው ራቅ ብለን በሹክሹክታ እንነጋገራለን፤ ውሳኔውን የሚናገረው ግን መጀመሪያ የፈረደው ራሱ ነው።

ሁለተኛው የለየለት የሕግ ስህተት ነው። ሁለት አውት ካለ ቤዙ ቢያዝም ባይያዝም መሮጥ ትችላለች። አሰልጣኙ ዝም ማለት ያልነበረበት እዚህ ላይ ነው። ዳኛው እምቢ ካለ «ፕሮቴስት አድርጌያለሁ» (በይፋ ተቃውሜያለሁ) ይላል፤ ያውም ቀጣዩ ኳስ ሳይወረወር። ኢኒንጉ (የጨዋታው ዙር) ካለቀ ደግሞ በብዙ ሊጎች ተከላካዮቹ ሜዳውን ሳይለቁ። አንዳንድ ውድድር ላይ ገንዘብ ያስይዛሉ፣ ደንባችሁን እዩ።

የቤዝቦል ወዳጅ፦ ሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ) ቢሆን እግሯን በቪዲዮ ያዩት ነበር፤ ከ2014 ጀምሮ አሰልጣኝ መጠየቅ ይችላል። በ2010 ዲትሮይት ላይ ኳስ ወርዋሪው አርማንዶ ጋላራጋ አንድም ሰው ቤዝ ሳያስረግጥ 26 መቺ አወጣ። 27ኛውን ዳኛ ጂም ጆይስ በስህተት «ሴፍ» (አልወጣህም) አለው። ከጨዋታው በኋላ ዳኛው ቪዲዮውን አይቶ ስህተቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፣ ውሳኔው ግን እንዳለ ቀረ። ያኔ ቪዲዮ የሚታየው ለሆም ረን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ የሚዞርበት ምት) ብቻ ነበር።

አባት ከዳላስ፦ ወላጅ ዳኛ አይሞግትም፤ ነገሩ የአሰልጣኙ ነው። ስትራይክ ነው ቦል (መጥፎ ውርወራ) ነው ብሎ መነታረክማ አሰልጣኙንም ያስባርራል። የእኔ ልጅ «አባዬ፣ ከጮህክ አትምጣ» ብላኛለች።

የልጆች እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ። የቅዳሜውን ውጤት አሁን ማስቀየር ይቻላል?

ዳኛው፦ አይቻልም፣ ጊዜው አልፏል። ለአሰልጣኙ ግን ሦስተኛ ስትራይክ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ የሚለውን ደንብ ፎቶ አንስተሽ ላኪለት።