ለአሮጌ የቆዳ ወንበር፦ የቱ ይሻላል?

የአባቴ የቆዳ ወንበር በዕድሜ ይበልጠኛል። ዕቃ ቤት ከርሞ ሳወጣው መደገፊያው ሻግቶ፣ የእጅ ማሳረፊያው ተሰነጣጥቆ ነበር። በምን እንዳዳንኩት ለጠየቃችሁኝ፣ የሞከርኩትን ሁሉ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሶፋ አልባሽ ጠራሁ። ገና በሩ ላይ ሆኖ «ይሄማ አልቆለታል፣ ሌዘር እናልብሰው» አለኝ። ሌዘር የሚለው ፕላስቲኩን ነው። ስፖንጁ ለሞተ፣ ስፌቱ ለተተረተረ ወንበር ሶፋ አልባሽ የግድ ነው። ቆዳው ደርቆ ብቻ ከሆነ ግን እባካችሁ አታስገፍፉት።

ሊስትሮም ሞክሬያለሁ። እጁ ጎበዝ ነው፣ በአንድ ሰዓት አብለጨለጨው። ግን የጫማ ቀለም ለጫማ ነው። ወንበር ላይ ሰው ይቀመጣል፣ ቀለሙም ልብስ ላይ ይቀራል። የእህቴ ነጭ ቀሚስ ምስክር ነው። ከቀባችሁ ቀለም አልባውን፣ እሱንም በስሱ።

እናቴ «ቅቤ ቀቢው» ብላኝ ነበር። አገልግልና ጀንዲ (የቆዳ ምንጣፍ) በቅቤ ሲለሰልስ ስላየች አልፈርድባትም። ሳሎን ውስጥ ግን ቅቤ ይሸታል። የምግብ ዘይትም ያው ነው፣ ይበላሻል። ቫዝሊን አይሸትም፣ አቧራ ግን ይሰበስባል።

ለማጽዳት ከሁሉ የወደድኩት የሕፃን ሻምፖ ነው። የልብስ ሳሙና ቆዳን ያደርቃል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 10 አካባቢ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፣ ቆዳ ደግሞ አሲድነት ይስማማዋል። በረኪናማ አይታሰብ። ለብ ባለ ውሃ ሁለት ሦስት ጠብታ ሻምፖ፣ በደንብ የተጨመቀ ነጭ ጨርቅ፣ በቃ። የመጀመሪያው ጨርቅ ሻይ የተደፋበት መስሎ ወጣ። አራተኛው ንጹሕ ነበር። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ አይሆንም። ሻጋታውን ግን ቀድሜ ደጅ አውጥቼ፣ የፋርማሲ አልኮልና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅዬ ነው የጠረግኩት።

አሁን ቅባቱ። ከመግዛታችሁ በፊት ከወንበሩ ሥር፣ በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉ። ውሃው ከላይ እንደ ዶቃ ከቆመ ቆዳው ሽፋን አለው፤ ሱማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሚሸጡት ጋ የሚገኘው የመኪና ወንበር ክሬም ይበቃዋል። ጠብታው ከሰረገና ቦታው ከጠቆረ ግን ሽፋን የለውም። የእኔ እንዲህ ነበር። ክሬሙን ትቼ፣ አንድ እጅ ንጹሕ ሰም በአራት እጅ የጉሎ ዘይት፣ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን አቅልጬ፣ ሲቀዘቅዝ በጣት ጫፍ ቀባሁት። ትንሽ ያጠቁራል፣ እወቁት። አድሮ በደረቅ ጨርቅ ማሸት አለ። በዓመት ሁለቴ ይበቃል፣ አንዱ ክረምት ሳይገባ። በክረምት ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቁት፣ አየር ያግኝ።

ቆዳው ለስልሷል። የእጅ ማሳረፊያው ስንጥቅ ግን አልሞላም። ስንጥቅ ሞልቶ፣ ቀለሙን አመሳስሎ የሚሠራ፣ «እናልብሰው» የማይል ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ።