የሀዋሳው የግጥም ምሽት ዕቅድ፦ ስም ላልወጣለት ሐዘን

ጸሐፊ፦ ረቂቁ እስካሁን ይህ ነው። ርዕሱ ጽንስ ከማስወረድ በኋላ የሚመጣ ሐዘንና ጸጸት፤ ሀዋሳ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ 6 ግጥም፣ 90 ደቂቃ። የጎደለውን ሙሉበት።

ተርጓሚዋ፦ ከውጭ አንድ ይበቃል፤ በ1945 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካዊቷ ገጣሚ የግዌንዶሊን ብሩክስ «እናት»። ወጥመዱ ተውላጠ ስሙ ነው። መነሻው ላይ «አንቺ» የምትባለው እናቲቱ ናት፣ ቀጥሎ «እኔ» ይመጣል፣ መጨረሻው ላይ የሚጠሩት ያልተወለዱት ልጆች ናቸው። እንግሊዝኛው «አንቺ»ንም «እናንተ»ንም በአንድ ቃል ስለሚል ተርጓሚው ካልነቃ ሁሉንም «አንቺ» አድርጎት ያርፋል፤ ሴትዮዋ ልጆቿን ትታ ራሷን ስታባብል ትገኛለች።

የግጥም ክፍል፦ በአማርኛ ስንጽፍም ያው ነው። ሙሾ ስም ይጠራል፣ ሙያ ይቆጥራል፤ እዚህ ስምም ሙያም የለ፣ ልቅሶም አይቀመጥም። ጾታው ሳይታወቅ «አንተ» ነው «አንቺ»? በወል ቤት፣ ማለትም ስንኙ ለሁለት ተከፍሎ በ6 በ6 ቀለም (የድምፅ ምት)፣ ሞክሩት፦

ድምፅህን ሳልሰማ፣ ስም ሳላወጣልህ

ምጣኔው ይሞላል፤ ግን ወንድ አደረግነው። «ድምፃችሁን ሳልሰማ» ብንል ደግሞ 7 ቀለም ይሆንና ያነክሳል። ቃሉን መለወጥ ነው እንጂ መጎተት አያዋጣም፦

ሳቃችሁን ሳላይ፣ ስም እንኳን ሳትይዙ

አሁን 6 በ6 ነው። ለጽሑፍ ጥሪው ይህቺን ምሳሌ እናያይዝ።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ። ስብከት የሆኑ ግጥሞች ግን መብዛታቸው አይቀርም፤ የተናጋሪዋ የራሷ ድምፅ የማይሰማበትን አንቀበል። ጸጸት ብቻም አይሁን፤ ሳይጸጸቱ ማዘንም አለ፣ ከ6ቱ 2ቱ ለእሱ ይሁን።

የሕግ አባል፦ ጽሑፍ ያለ ስም በታሸገ ፖስታ ይግባ፣ አንባቢም ሌላ ሰው ይሁን። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 551፣ ጽንስ ማቋረጥን በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ «እኔ» ብሎ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ግጥም መሆኑን ለማስረዳት ሲደክም ማየት አልፈልግም። ቀረጻና ፎቶ ክልክል ይሁን፣ ስልክ በር ላይ ይቀመጥ።

ሙዚቃ ክፍል፦ በገና አታስገቡ፤ ነገሩን ሁሉ ወደ ንስሐ ይስበዋል። ክራር፣ በግጥሞቹ መሐል ብቻ፣ 2 ደቂቃ። ከንባቡ ሥር ከተመታ አዳራሹ በአንድ አፍ ያለቅስና ቃሉ ይጠፋል።

አስተባባሪ፦ ከ3ኛው ግጥም በኋላ 15 ደቂቃ ሻይ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ በሩ አጠገብ ትቀመጥ፤ መድረክ ላይ ከሆነች ማንም አይጠጋትም።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። የቀረው በሲዳምኛ የሚነበበው ግጥም ጉዳይ ነው፤ ትርጉም አብሮ ይነበብ ወይስ ብቻውን ይቁም? እስከ ሐሙስ ሐሳባችሁን።