ሳነቴ ላይ ዴፕዝ ካሜራ ሌሊቱን ሙሉ ለማሠራት

ሐይቅ_ዳር (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጅብራ (የደጋው ግዙፍ ሎቤሊያ ተክል) ቅጠል ከምሽት እስከ ንጋት ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለመለካት ሪልሴንስ ዲ435 የተባለ ዴፕዝ ካሜራ (በሁለት ሌንሶች የነገሮችን ርቀት የሚለካ) ይዘን በባሌ ተራሮች ወዳለው የሳነቴ አምባ ልንወጣ ነው። ቦታው 4,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ አምራቹ የሚፈቅደው ግን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ካሜራውን የምንተክለው 4 ሜትር ላይ ነው። በምን እናሙቀው? እዚህስ እንዴት እንሞክረው?

ሽቦና_ቆርቆሮ፦
ካሜራው ሲሠራ ራሱ ይሞቃል። የሚያስቸግራችሁ የሳጥኑ መስታወት ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል መስታወቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ ከአየሩ ይብስ ይቀዘቅዛል፤ ቴርሞሜትሩ 2 ዲግሪ እያሳየ አመዳይ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ የመስታወቱን ጠርዝ ብቻ አሙቁ። 47 ኦም፣ 1 ዋት የሆኑ 4 ሬዚስተሮች ፓራለል (ጎን ለጎን) ሲያያዙ 11.75 ኦም ይሆናሉ፤ በ5 ቮልት 2.1 ዋት ይሰጣሉ። ከውስጥ በኩል በሲሊኮን ለጥፏቸው። ለ12 ሰዓት 25 ዋት ሰዓት ያህል ይበላሉ። ከላይ ሰማዩን የሚከልል የቆርቆሮ ግንባር ሥሩለት፤ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄልም አትርሱ።

በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለው የኢንፍራሬድ ፕሮጀክተር ብርሃን መስታወቱ ላይ ተንጸባርቆ ወደ ሌንሶቹ ይመለሳል። ኢንፍራሬድ ምስሉ ላይ ጭጋግ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። በፕሮጀክተሩና በሌንሶቹ መካከል መስታወቱን የሚነካ ጥቁር ስፖንጅ አስገቡ።

ሚሊሜትር፦
በማሞቂያው እስማማለሁ። 4 ሜትሩ ግን አይሆንም። የርቀት ልኬቱ ስህተት በርቀቱ ስኩዌር ያድጋል፦ በ848 በ480 ፒክስል ምስል የሌንሱ ፎካል ርዝመት 420 ፒክስል ገደማ ነው፣ የሌንሶቹ ርቀት 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሁለቱን ሌንሶች ምስል የማዛመድ ስህተቱን 0.08 ፒክስል ብትይዙ 4 ሜትር ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። 1.5 ሜትር ላይ ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ይወርዳል። የቅጠል እንቅስቃሴ በ6 ሳንቲ ሜትር ስህተት ውስጥ ተውጦ ይቀራል፣ ቅረቡ።

ቅዝቃዜው ደግሞ የካሜራውን አካል ያኮማትረዋል። የሁለቱ ሌንሶች አቅጣጫ በጥቂቱ ቢዛባ እንኳ ርቀቱ ይንሸራተታል፣ የርቀት ካርታውም ይቦዳደሳል። ልኬቱ ከመጀመሩ 30 ደቂቃ በፊት አብሩት፣ ሌሊቱን አታጥፉት፣ ካሊብሬሽኑንም (የልኬት ማስተካከያውን) እዚያው ብርዱ ላይ ሥሩ። በምስሉ ጥግ የማይነቃነቅ፣ ዝንጉርጉር የተቀባ ኮምፔንሳቶ ርቀቱን በሜትር ለክታችሁ አቁሙ። ቅጠሉም ኮምፔንሳቶውም እኩል "ከተንቀሳቀሱ" የተንቀሳቀሰው ካሜራው ነው።

ካሜራውን ወደ ምዕራብ አዙሩት። ጎህ ሲቀድ አመዳይ የያዘ ቅጠል ያብለጨልጫል፤ ብልጭታው በግራና በቀኝ ሌንስ የተለያየ ቦታ ላይ ስለሚታይ ሐሰተኛ ርቀት ይሰጣል። እነዚያን ደቂቃዎች ከመረጃው አውጧቸው።

ታቦር_ሥር፦
ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ቻርጅ እንዳታደርጉ፤ ሊቲየሙ በብረት መልክ አኖዱ (የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ) ላይ ይጋገርና ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ሶላር ካላችሁ ጠዋት ባትሪው እስኪሞቅ ቻርጁን የሚያቋርጥ መቁረጫ ይኑረው። ፒቪሲ የለበሰ ኬብል በብርድ ስለሚደርቅ ሶኬቱን እየጎተተ ያላቅቀዋል፤ ሳጥኑ ላይ በደንብ እሰሩት።

ለሙከራው ዓሣ የሚቀመጥበት ዓይነት ትልቅ ፍሪዘር ይበቃል፤ ብርዱ ከሳነቴም ሊብስ ስለሚችል የፍሪዘሩን ሙቀት ከፍ አድርጉት። ከታች ጋዜጣ አንጥፉ፣ ካሜራውን 50 ሳንቲ ሜትር ላይ አንጠልጥሉ፣ ኬብሉን በክዳኑ ላስቲክ በኩል አውጡ፣ የሚያሳየውን ርቀት ለ2 ሰዓት መዝግቡ። ስታወጡት ፍሪዘሩ ውስጥ እያለ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሽጉት። የሐዋሳ አየር እርጥብ ስለሆነ እንዲሁ ካወጣችሁት ሌንሱ ውስጥ ድረስ ጤዛ ይይዛል። ከረጢቱን ከውጭ ስትነኩት መቀዝቀዙ እስኪጠፋ አትክፈቱት።