«ና» በሌላ ቋንቋ ምን ማለት ነው? (ለአፕ ስም ፈልጌው ነው)

ኮድ ገልባጭ፦
ሰላም ወገን። ከ2 ጓደኞቼ ጋር ትንሽ አፕ እየሠራን ነው። ያለህበትን ቦታ መርጠህ አንዴ ስትጫነው ጓደኛህ ስልክ ላይ «ና» የሚል ጥሪ ይገባል፣ ካርታው ይከፈትለታል፣ በቃ። ስሙንም «ና» ልንለው ነው። በላቲን ሲጻፍም 2 ፊደል ብቻ ስለሆነ አይኮን ላይ ያምራል። አርማው 5 ጣቶቹን የዘረጋ መዳፍ ነው። አማርኛ የማይችሉ ሰዎችም እንዲጠቀሙበት ስለፈለግን፣ የሆነ አገር ሄዶ ስድብ ሆኖ እንዳይገኝ ፈራሁ። አንደኛው ጓደኛዬ ደግሞ «ስዋሂሊም ና አለው፣ ከእኛው የሄደ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። እውነት ነው? የምታውቁትን ጣል አድርጉልኝ።

ቃል ቆፋሪ፦
ጓደኛህ ተሳስቷል። የስዋሂሊው «ና» «እና» ወይም «ጋር» ማለት ነው። «ባባ ና ማማ» ሲሉ አባትና እናት ማለታቸው ነው። «አለኝ» ለማለት ራሱ «ኒና» ነው የሚሉት፣ ፈታ ስታደርገው «እኔ ከእንዲህ ጋር ነኝ» እንደማለት። ስዋሂሊ ከዓረብኛ መዓት ቃል ወስዷል፣ ይቺ ግን የባንቱ ቋንቋዎች የራሳቸው ናት፤ ዙሉም አላት።

አስቂኙ ነገር፣ የስዋሂሊው ከመጥሪያው «ና» ጋር ሳይሆን «አባትና እናት» ውስጥ ካለችው «ና» ጋር ነው የገጠመው። በድምፅም በትርጉምም! ያም ቢሆን ዝምድና አይደለም። «ን» እና «አ» የሌሉበት ቋንቋ ማግኘት ይከብዳል፣ ሁለቱን አጋጥመህ የምትሠራው ቃል ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጋጨቱ አይቀርም። ረጅም ቃል ቢገጥም፣ ወይም ብዙ ቃላት በአንድ ዓይነት ሥርዓት ቢገጥሙ ያኔ እንነጋገር ነበር።

የግዕዝ ተማሪ፦
የኛዋ መጥሪያ ከየት እንደመጣች ልጨምርልህ። ግዕዝ «ነዓ» ይላል፣ ለሴት «ንዒ»፣ ለብዙ «ንዑ»። ትግርኛ አሁንም «ንዓ፣ ንዒ፣ ንዑ» ነው የሚለው፣ ዓይኗን ከጉሮሮ አውጥቶ። አማርኛ ያንን የጉሮሮ ድምፅ ስለጣለው «ና፣ ነይ፣ ኑ» ቀረ።

አስተውለህ ከሆነ ግሱ «መጣ» ነው፣ ትእዛዙ ግን ከ«መጣ» አይወጣም። ስትከለክል «አትምጣ» ትላለህ፣ «አትና» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ዓረብኛም እንዲሁ ነው፤ መጣ «ጃአ»፣ ና ደግሞ «ተዓል»፣ ሥሩም «ከፍ በል» ከሚለው ነው። ሰው መጥራት ግሱን የሚያስረሳ ነገር ሳይኖረው አይቀርም።

ሂንዲ ፊልም ያሳደገኝ፦
ሂንዲ ላይ «ና» አይሆንም፣ እምቢ ማለት ነው። ፋርስኛም «ና» ሲል «አይ» ነው። ሁለቱ ግን እውነተኛ ዘመዳሞች ናቸው፣ ከራሺያኛው «ኔት» እና ከእንግሊዝኛው «ኖ» ጋር ሳይቀር ሥራቸው አንድ ነው። ግን አትደንግጥ፣ ሂንዲ ላይ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ስትገባ ደግሞ መለማመጫ ትሆናለች። «አኦ ና» ካሉህ «ና እንጂ፣ እሺ በለኝ» ነው። ለአፕህ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የት ታገኛለህ?

የድሮ ተማሪ፦
ራሺያኛ፦ «ና» ማለት «ላይ» ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ምናምን። ዕቃ እያቀበሉህ «ና!» ካሉህ ደግሞ «እንካ» ነው፣ ለምታከብረው ሰው «ናቴ» ይባላል። መጀመሪያ ሰሞን አንዱ መጽሐፍ ዘርግቶልኝ «ና!» ሲለኝ ተነሥቼ ወደሱ ሄድኩ። ልጁ መጽሐፉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

የጀርመኖቹ «ና?» «እህሳ?» ነው። ኮሪያኛ «እኔ»። ታጋሎግ «አሁን፣ በቃ» ዓይነት ነው፤ «ታራ ና» «እንሂድ በቃ» ማለት ነው። ለአፑ መጥፎ አይደለም።

መርከበኛው፦
ስሙን ተዉትና አርማውን አንሡት!! ከግሪኮች ጋር መርከብ ላይ ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ያገሬን ልጅ ከወዲያ ጫፍ አየሁትና እጄን ዘርግቼ፣ ጣቶቼን ከፍቼ፣ በጩኸት «ና!» አልኩት። መሐላችን አለቃችን ግሪኩ ቆሟል። ሰውየው ፊቱ በርበሬ መሰለ፣ ሊመታኝ ምንም አልቀረው። ለካ 5 ጣት ዘርግቶ መዳፍን ወደ ሰው ፊት መግፋት እዚያ ከባድ ስድብ ነው፣ ስሙም «ሙንዛ» ይባላል። ሲሰድቡ አብረው የሚሏት ቃል ማን ትሁን? «ና!» እኔ ሁለቱንም አሟልቼ ሰጥቼዋለሁ። ድሮ በቢዛንቲን ዘመን የጥፋተኛ ፊት ላይ ጥላሸት ከመቀባት የመጣ ነው ይባላል።

ቃሏ ብቻዋን ችግር የለባትም። «መሄድ እፈልጋለሁ» ሲሉ «ቴሎ ና ፊጎ» ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይሏታል፣ ከጥንቱ «ሂና» ተቆርጣ የቀረች ናት። ከመዳፍ ጋር ግን ጉድ ነው።

ኮድ ገልባጭ፦
ወይ ጉድ። ጋሼ መርከበኛው እግዜር ይስጥልኝ። አርማው ላይ 2 ሳምንት ለፍተናል፣ ግን ይቅር።

ቀለሟ፦
ወንዶች ብቻችሁን እያወራችሁ ነው እኮ። እኔን «ና» ብሎ የሚጠራኝ ማነው? ነይ ነኝ። እናትህንስ «ና» ልትላት ነው? «ኑ» በሉት፣ ለሁሉም ይሆናል።

ቃል ቆፋሪ፦
ቀለሟ ልክ ነሽ፣ ግን «ኑ» በላቲን ሲጻፍ ፈረንሳይኛና ፖርቱጋልኛ ላይ «ራቁት» ነው። ሮማንያኛ ላይ «አይ»፣ ስዊድንኛ ላይ «አሁን»። ከፈረንሳዮቹ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጥሪው ከካርታ ጋር ሲደርሳቸው ነው 😂

የስም ነገር ትልልቆቹም ላይ ደርሷል። ሚትሱቢሺ ፓጄሮን ለስፔንኛ ተናጋሪዎች ሞንቴሮ ብሎ የሸጠው ወዶ አይደለም፣ ቃሉ እዚያ ነውር ስለሆነ ነው።

ሂንዲ ፊልም ያሳደገኝ፦
አኒሜም አያለሁ፣ ልጨምር። ጃፓንኛ ላይ ግስ ብለህ «ና» ካስከተልክ ክልከላ ነው። «ኩሩ ና» ማለት «አትምጣ!» ነው። እኛ ጋ ኩሩ ሰው እንደመጥራት ነበር የሚመስለው።

ኮድ ገልባጭ፦
እሺ፣ እንዲህ ወስነናል። የአፑ ስም «ና» ይቆያል፣ ስድብ የሆነበት ቦታ ከመዳፉ ውጭ አልተገኘማ። መዳፉ ወጥቶ ተራ የካርታ ምልክት ይገባል። ጥሪው ግን አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ሰውየውን ስትመዘግብ «ና፣ ነይ፣ ኑ፣ ይምጡ» ከሚሉት ትመርጣለህ። ቀለሟ፣ ለእናቴ «ይምጡ» ነው ያደረግኩት።

ጓደኛዬ ስዋሂሊውን ለቋል። አሁን የኮሪያኛው «ና» ከእኛው «እኔ» የመጣ ነው እያለ ነው።