በሥዕሉ ላይ ያለው ቀሚስ ካሜራ ፊት ይሠራል?

ድርና ማግ፦
ከልጆች መጽሐፍ በተወሰደ አጭር ፊልም ላይ አልባሳቱን ይዣለሁ። ባለታሪኳ የ8 ዓመት ልጅ ናት፤ ሥዕሉ ላይ ነጭ ሸሚዝ፣ ከላዩ ደቃቅ ሰማያዊ ዳማ ያለው ቀሚስ ለብሳለች። መሃል ላይ ጭቃ ውስጥ ትወድቃለች። ቀረጻው በ3 ወር ውስጥ ተቆራርጦ ነው የሚሠራው። ስንት ቅጂ ላሰፋ? ሥዕሉንስ እንዳለ ልከተል?

ከካሜራው ኋላ፦
እንዳለ አትከተዪ። የደቃቅ ዳማ መስመር ከሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን ከሚቀበለው ክፍል) ነጥቦች ጋር እየተጋጨ ምስሉ ላይ ይርገበገባል፤ ሞይሬ የሚባለው ነው። ጣቃውን ሳትገዢ ግማሽ ሜትር አምጪና በዚያው ካሜራና ሌንስ፣ ከቅርብም ከሩቅም፣ እየተንቀሳቀሰ ይቀረጽ። በትንሽ ሞኒተር ግን አትፍረጂ፤ የሌለ ሞይሬ ያሳያል፣ ያለውን ይደብቃል።
ነጩም ያስቸግራል። መብራቱ ለጠይም ፊት ሲስተካከል ሸሚዙ ምስሉ ላይ ከልክ በላይ ይነጣል፣ እጥፋቱም አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1939ኙ «የኦዝ ጠንቋይ» ፊልም የባለታሪኳ የዶሮቲ ሸሚዝ ነጭ ይምሰል እንጂ ለቴክኒከለር (ለዘመኑ የባለቀለም ፊልም አሠራር) ሲባል ፈዛዛ ሮዝ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ የብር የነበረው ጫማዋም ፊልሙ ላይ ቀይ ሆኗል። ለመጽሐፉ መታመን ማለት ቀለም መገልበጥ አይደለም።

እመት መርፌ፦
ሸሚዙን ሻይ ውስጥ ንከሪው፤ ጥጥ ከሆነ ብቻ፣ ፖሊስተር አይቀበልም። 5 ሊትር ውሃ ላይ 6 የሾርባ ማንኪያ ሻይ ቅጠል አፍልተሽ አጥልዪ። ጨርቁ አስቀድሞ ይርጠብ፤ ደረቁን ከከተትሽው ይዥጎረጎራል። እያማሰልሽ 15 ደቂቃ። እርጥቡ ጠቆር ስለሚል ሲደርቅ ነው ቀለሙ የሚታወቀው። ሁሉም ሸሚዞች በአንድ ድስት!
ቀሚሱ ቢያንስ 4 ይሁን፦ ንጹህ፣ መጠባበቂያ፣ ሁለት ደግሞ ለጭቃው። ውድቀቱ ተደጋግሞ ይቀረጻል፣ የረጠበው እስኪደርቅ ማን ይጠብቃል? ከአንድ ጣቃ ይቆረጡ፤ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፣ አለዚያ በኋላ ይሰበሰባል። ልጅ ናትና ታድጋለች፤ ታች 6 ሳንቲ ሜትር ዘምዘማ፣ ጎንና ጎን 2 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ተዪ።

ድርና ማግ፦
ጭቃው እውነተኛ ይሁን?

እመት መርፌ፦
ስትወድቅ ብቻ። ከዚያ በኋላ ላሉት ትዕይንቶች ቡናማ አክሪሊክ ቀለም አቅጥነሽ በስፖንጅ ቀቢ። እውነተኛው ሲደርቅ ይረግፋል፣ ነጠብጣቡም ከቀረጻ ቀረጻ ቦታ ይቀያይራል። ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሺ። ማርጀትም ካለበት ክርኑንና የኪሱን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊ፤ ሁሉን እኩል ካደረግሽው ያስታውቃል።

ድምፅ ያዥ፦
ናይለን ገበር አታስገቡ፤ ማይኩ ደረት ላይ ሲደበቅ ኮሽታውን ሁሉ ይቀዳል። ጫማዋ ጠንካራ ሶል ካለው ታቹን ፌልት (ድምፅ የሚያፍን ወፍራም የተጠቀጠቀ ጨርቅ) ለጥፉበት። የዶሮቲ ቀይ ጫማ ላይም አለ፤ አሜሪካ በሚገኘው የስሚዝሶንያን ሙዚየም ያለው ጥንድ ሶሉ ፌልት ነው።